ስልኬ ላይ የጠራ ፎቶ ስለጥፈው ለምን ይደበዝዛል?

ጥያቄውን ያነሳችው ፎቶ ማንሳት በቅርቡ የጀመረች ልጅ ናት። ሥራዋ ፒያሳ ነው። ጠዋት ስትገባ፣ ማታ ስትወጣ በስልኳ ታነሳለች። ስልኳ ላይ ጥርት ብሎ የሚታየው ፎቶ፣ የጀማሪ ፎቶ አንሺዎች የቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ስትለጥፈው ጭጋግ የወረደበት ይመስላል። ችግሩ የስልኳ ይሁን የእሷ እንዲነግሯት ጠየቀች። ሦስት ፎቶም አያይዛለች። አንደኛው የአጼ ምኒልክ ሐውልት ነው፣ በጠዋት ፀሐይ። ሁለተኛው አስፋልት ዳር ጉልት የዘረጉ እናት ናቸው፤ ቲማቲሙንና ሽንኩርቱን መደብ መደብ አድርገው ደርድረዋል። ሦስተኛው ከድሮዎቹ የፒያሳ መንገዶች አንዱ ነው፤ በግራ በኩል የሱቅ በሮች ተሰልፈዋል፣ ከበላያቸው የእንጨት ሰገነት አለ። ከሦስቱም ስር የጻፈችው አንድ ቃል ብቻ ነው፦ ፒያሳ።

ክሩ፣ ከጥያቄዋ ስር የተከታተለው የመልስ ሰንሰለት፣ ረዥም ሆነ። እዚህ አሳጥሬ የማቀርበው፣ ይኸው ጥያቄ ግሩፑ ውስጥ በየጊዜው ስለሚነሳና መልሱ ተበታትኖ ስለሚቀር ነው። ቁጥሩን የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ መልሶቹ በመጡበት ቅደም ተከተል። አቋሜን ከፊት ላስቀምጥ። ጀማሪ ፎቶ ሲለጥፍ ሁለት ነገር ቢይዝ ይበቃዋል ባይ ነኝ፤ ዋናው ፋይል ሳይነካ ይቀመጥ፣ የትና መቼ እንደተነሳ ደግሞ ከስሩ ይጻፍ። ሌላው ቀስ እያለ ይመጣል።

1ኛው መልስ ደግ ነበር። እንኳን ደህና መጣሽ ብሎ ጀመረ፣ ሐውልቱ ላይ ያረፈውን ብርሃን አደነቀ። ወደ መፍትሔው ከመግባቱ በፊት ግን ፎቶውን ከጋለሪ በቀጥታ ትልከው እንደሆነ፣ ወይስ መሃል ላይ ሌላ ነገር ታደርግበት እንደሆነ ጠየቃት። ሳይጠይቁ የሚፈርዱ በሞሉበት ግሩፕ እንዲህ ያለ ሰው ሲገኝ ደስ ይለኛል።

2ኛው መልስ ሳይጠይቅ ከሚፈርዱት ወገን ሆነ። ስልክ እንድትቀይር መከራት። የሚሻሉትን ስልኮች እስከ ዋጋቸው ደረደረላት። ይህ ዓይነቱ ምክር ያናድደኛል። ስንቱ ጀማሪ ነው ገንዘብ እስኪያጠራቅም ድረስ ማንሳቱን የተወው።

3ኛው መላሽ በቁጥር አስረዳ። የልጅቷ ስልክ ባለ 12 ሜጋፒክስል ነው፤ ፎቶው በ12 ሚሊዮን ጥቃቅን የቀለም ነጥቦች ይሠራል። ይህ ማለት አንድ ፎቶ በአንድ ጎን 4000፣ በሌላው 3000 ነጥብ አለው። ቴሌግራም ግን እንደ ፎቶ የተላከለትን ወትሮ ረጅሙን ጎን ወደ 1280 ያወርደዋል። 4000 በ3000 የነበረው 1280 በ960 ሆኖ ይደርሳል። ከአሥር ነጥብ አንዱ ብቻ ቀረ ማለት ነው። ከውድ ስልክ የወጣ ፎቶም የሚወርደው ወደዚያው 1280 ነው። ፌስቡክም ቢሆን ከ2048 በላይ የሆነውን ይቀንሳል። ስለዚህ አዲስ ስልክ ብትገዛም ብዥታው አይለቃትም። እዚህ ላይ 2ኛው መላሽ ዝም አለ፣ በኋላ በሌላ ጉዳይ እስኪመለስ ድረስ።

4ኛው የራሷ የጠያቂዋ ነው። ለ1ኛው ጥያቄ መልስ ሰጠች። ፎቶውን ጋለሪ ላይ ትከፍተዋለች፣ በጣቷ አጉልታ የምትፈልገውን ክፍል ታመጣለች፣ ከዚያ ስክሪንሾት ታነሳዋለች። ስክሪንሾቱን በአንድ አፕ ቀለሙን ታስተካክላለች። የተስተካከለውን ለራሷ ቴሌግራም ትልካለች። ከዚያ አውርዳ ግሩፑ ላይ ትለጥፋለች።

5ኛው መላሽ ነገሩን እዚህ ላይ ያዘው። ስክሪንሾት ፎቶውን አይገለብጥም፤ የሚገለብጠው የስልኩን መስታወት ነው። መስታወቱ በወርዱ 1080 ነጥብ ካለው፣ የሚገኘውም ያው 1080 ነው፣ ካሜራው የቱንም ያህል ይንሳ። በዚያ ላይ ጄፔግ የሚባለው የፋይል ዓይነት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1992 ጀምሮ ዓለም የሚሠራበት፣ ፎቶውን የሚያሳንሰው ዝርዝር እየጣለ ነው። ፎቶውን በ8 በ8 ነጥብ ትንንሽ አራት ማዕዘን ይከፍልና ዓይን ብዙም አያስተውለውም የሚለውን ይቀንሳል። ተስተካክሎ በተቀመጠ ቁጥር እንደገና ይቀንሳል። የልጅቷ ፎቶ አንድ ጊዜ ስክሪንሾት ሆነ፣ አንድ ጊዜ አፑ አስቀመጠው፣ ቴሌግራም ሁለቴ ቀነሰው። የፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ ሆነ። መላሹ የመከራት ስልኩ ውስጥ ባለው ክሮፕ ከዋናው ላይ እንድትቆርጥና ቅጂ አድርጋ እንድታስቀምጥ ነው። ዋናው ባለበት ይቀራል።

6ኛው አጭር ነበር፤ ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኪው አላት። ማያያዣውን ነክቶ ፋይል የሚለውን መምረጥ ነው። እስከ 2 ጊጋባይት ሳይቀንስ ያልፋል። ብዙ ሰው ልብ ሰጠው።

7ኛዋ መላሽ ወደ ሌላ ነገር ወሰደችው፣ ግን ጠቃሚ ነገር ነው። የሐውልቱን ፎቶ አጉልታ አይታው ኖሯል። ከፀሐዩ አቅጣጫ ነጭ ጭረት ወደ ታች ወርዷል፣ የፈረሱ ጠርዝ ላይም ወተት የመሰለ ብርሃን ፈሷል። ይህ ኮምፕሬስ፣ ማለትም ፋይሉን ማሳነስ፣ ያመጣው አይደለም አለች። የሌንሱ ነው። ስልክ ቀኑን ሙሉ ኪስና ቦርሳ ውስጥ ይውላል፣ ስንነጋገርበት ጣታችን ኋላው ላይ ያርፋል፣ የፒያሳ አቧራ ደግሞ ላዩ ላይ ይጣበቃል። የጣት ቅባት አንድ አቅጣጫ ይዞ ሲጠረግ ብርሃኑን ያንን አቅጣጫ በሚያቋርጥ መስመር ይስበዋል። ማታ የታክሲ መብራት ስናነሳ ረዥም ጭራ የሚያወጣው በዚህ ነው። መነጽር በሚጠረግበት ለስላሳ ጨርቅ መጥረግ፣ ከሌለ ንጹህ የጥጥ ከነቴራ ጫፍ። ሶፍት ይጭራል የሚል ሰው ወዲያው መጣ፤ እሱን ከቁጥር አላስገባሁትም።

8ኛው መልስ ላይ ድምፁ ተቀየረ። 6ኛውን በስሙ ጠርቶ፣ ምክሩ ጎደሎ ነው፣ ጀማሪን ለአደጋ ያጋልጣል አለ። አነጋገሩ ሻካራ ነበር፣ ነገሩ ግን ትክክል ነው። እያንዳንዱ የስልክ ፎቶ ከምስሉ ጋር የተደበቀ ጽሑፍ ይይዛል፤ የተነሳበት ቀንና ሰዓት፣ የስልኩ ዓይነት፣ ሎኬሽን ክፍት ከነበረም የቆመችበት ቦታ በካርታ ላይ። ኤክሲፍ ይሉታል። ቴሌግራም እንደ ፎቶ ሲልክ ይህን ያራግፈዋል። እንደ ፋይል ሲላክ ግን ሁሉም እንዳለ ያልፋል። ፒያሳ መንገድ ላይ የተነሳ ፎቶ ከሆነ ግድ የለም። ቤቷ በረንዳ ላይ ያነሳችውን አበባ በፋይል ብትልክ ግን፣ የማታውቀው ሰው እስከ በሯ የሚያደርሰውን አድራሻ ላከችለት ማለት ነው። ቤቱ ውስጥ ልጅ ያለው ሰው ይህን ሁለት ጊዜ ያንብበው።

6ኛው ተመልሶ መጣ፣ 9ኛ ሆኖ። ሳይቆጣ አመሰገነና መዝጊያውን አብራራ። በብዙ አንድሮይድ ስልክ ካሜራውን ከፍቶ፣ ሴቲንግ ውስጥ ሎኬሽን ታግ የሚለውን ማጥፋት ነው። አይፎን ላይ ደግሞ ሼር ሲደረግ ከላይ ኦፕሽንስ የሚል ትንሽ ጽሑፍ ይመጣል፤ እሱን ነክቶ ሎኬሽን የሚለውን ማጥፋት ይቻላል። ቀኑና ሰዓቱ እንዳለ ይቆያል፣ ቦታው ይጠፋል። እንዲህ ሲታረም የሚያመሰግን ሰው ስላለን ነው ግሩፑ እስካሁን የቆየው።

10ኛው ሰዓት ላይ ተሰናከለ። ጠዋት ያነሳውን ፎቶ ስልኩ 07:15 ብሎ መዝግቦታል፤ ሰባት ሰዓት ላይ አላነሳሁም፣ ስልኬ ተበላሽቷል ሲል ጻፈ። ስልኩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ 07:15 የእኛ ጠዋት 1:15 መሆኑን አንዱ ነገረው። ቀኑም እንዲሁ ነው። በአንዳንድ ስልክ የፋይሉ ስም 20240311_071503 ተብሎ ይጻፋል። ይህ በእኛ መጋቢት 2 ቀን 2016፣ ከጠዋቱ 1:15 ነው። የፋይል ስም ማንበብ መቻል ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ከታች እንደምታዩት ግን የክሩን ትልቁን ክርክር የፈታው እሱ ነው።

11ኛው ላይ ክሩ ሊበላሽ ነበር። አንድ የቆየ አባል ይህ ጥያቄ ስንት ጊዜ ተመልሷል፣ ፈልጎ ማንበብ አይቻልም ወይ ብሎ ተነሳ። እዚያ ላይ ቢያቆም ደግ ነበር። ግን ስክሪንሾት የሚለጥፍ ፋራ ነው፣ ግሩፑን ፋራ ሞላው አለ። ሦስት አራት ሰው ሳቀ። እኔ እዚህ ላይ አልስማማም፣ በፍጹም። የግሩፑ ስም ላይ ጀማሪ የሚል ቃል አለ። ፍለጋውም ቢሆን ምን ብሎ እንደሚፈለግ ለማያውቅ ሰው አይሠራም። ኮምፕሬሽን የሚለውን ቃል ያልሰማ ሰው የሚያውቀው ፎቶዬ ደበዘዘ ማለትን ነው።

12ኛው መልስ የመጣው ሁላችን ጋሼ ከምንላቸው ሰው ነው። በወጣትነታቸው ፒያሳ አንድ ፎቶ ቤት ተቀጥረው ሠርተዋል። ብዙ ጊዜ አይጽፉም፤ ሲጽፉ ግን ሁሉም ያነባል። 11ኛውን ልጄ ብለው ጠርተው፣ እሳቸው ሥራውን የለመዱት ፊልም እያበላሹ እንደነበር፣ አሠሪያቸው ግን በደንበኛ ፊት አንድም ቀን ክፉ እንዳልተናገሯቸው ነገሩት። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞሩ። ያኔ ኔጌቲቭ፣ ፎቶው የሚታተምበት ዋናው ፊልም፣ ከፎቶ ቤት አይወጣም ነበር አሏት። ደንበኛ ይዞ የሚሄደው የታጠበውን ፎቶ ነው። ኔጌቲቩ በወረቀት ፖስታ ገብቶ፣ ላዩ ላይ ቁጥርና ቀን ተጽፎ፣ መዝገብ ላይ ስሙ ሰፍሮ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። ከዓመታት በኋላ የሠርጌን ፎቶ ድገሙልኝ ብሎ የሚመጣ አለ። ቁጥሩ ካለ ይገኛል፣ ከሌለ የለም። ልጅቷም ስልኳ ውስጥ ያለውን ዋና ፋይል እንደ ኔጌቲቩ እንድትይዘው መከሯት። የሚቆረጠው፣ የሚቀባው፣ የሚላከው ቅጂው ነው።

ስለ ጽሑፉም አነሱ። የዱሮ ሰው ፎቶ ሲሰጣጥ ጀርባው ላይ ለማስታወሻ ብሎ ይጽፋል፤ ለማን እንደተሰጠ፣ የት እንደተነሳ፣ ቀኑን ከነዓመተ ምሕረቱ። ዛሬ የቤተሰብ አልበም ስንገልጥ ማን ማን እንደሆነ የምናውቀው በዚያ እስክሪብቶ ነው። ፒያሳ የሚለው ቃል ብቻውን ከሠላሳ ዓመት በኋላ ለማንም ምንም አይነግርም አሉ።

አንዱ ይህን ደገፈ፣ በሌላ ምክንያት። እሱ ዳታ ለመቆጠብ ፎቶ በራሱ እንዳይወርድ ዘግቶታል። የሚያየው ብዥ ያለች ትንሽ ካሬ ነች። ካወረዳት ፓኬጁ ይሄዳል፤ ስለዚህ ስር የተጻፈውን አይቶ ነው የሚወስነው። ባለ 4 ሜጋባይት ፎቶ 20 በአንድ ጊዜ በፋይል የሚለጥፍ ሰው 80 ሜጋባይት እንደጫነበት ይወቅ አለ። ሦስቱን መርጦ መለጠፍ፣ ስሩ መጻፍ። ይህ 13ኛው ነው። ፎቶ መምረጥም ራሱ ትምህርት ነው እላለሁ።

ከ14ኛው እስከ 16ኛው ከርዕሱ ወጡ። ጋሼ ፎቶ ቤት ሲሉ አንዱ የቦያጂያኖችን አስታወሰ፤ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን፣ ከእሱም በኋላ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒ፣ ለቤተ መንግሥት ያነሱ የነበሩት። ሌላው የዱሮ ፎቶ ፊልተር የማያውቅ ንጹህ እንደነበር ጻፈ። ጋሼ አረሙት። ኔጌቲቩ ላይ በቀጭን እርሳስ የፊት ጠባሳና ሽብሽብ ይስተካከል ነበር፣ እሳቸውም ሠርተውታል። ከዚያ ፊልተር ነውር ነው አይደለም የሚል ጨዋታ ተጀመረ፤ እሱን ልዝለለው።

17ኛዋ ሁሉንም ወደ ቁም ነገር መለሰች። ስለ ጥራት ስታወሩ አንድ ሰው እንኳ እኚህን እናት ያየ የለም አለች። ሁለተኛው ፎቶ ላይ ያሉት ባለ ጉልት ፊታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሊሸፍኑ ሲሉ ነው የተነሱት። እጃቸው መሃል ላይ ቀርቷል። ፎቶውን እኔም ስመለከተው መጀመሪያ ያየሁት የቲማቲሙን ቀለም ነበር። እሷ የተናገረችውን ካነበብኩ በኋላ ግን ከዚያ እጅ ሌላ ነገር ማየት አልቻልኩም።

18 ሆኖ የተመለሰው ያ ስልክ ቀይሪ ያለው ነው። መንገድ የሕዝብ ነው፣ በመንገድ ላይ ያለን ሁሉ ማንሳት ይቻላል፣ ዓለም ሁሉ የሚሠራው እንዲህ ነው አለ። 19ኛው መላሽ ሕግ የተማረ ይመስላል፤ በእርጋታ መለሰለት። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። አንቀጽ 28 ፈቃድ የማይጠየቅባቸውን ያስቀምጣል፤ በሰፊው የታወቀ ሰው ሲሆን፣ በያዘው የመንግሥት ኃላፊነት ምክንያት ሲሆን፣ ፍትሕና ፖሊስ ሲፈልጉት፣ ለሳይንስ፣ ለባህል ወይም ለትምህርት ጥቅም ሲሆን፣ ወይም ምስሉ ሕዝብ ከተገኘበት ሁነትና ሥነ ሥርዓት ጋር ሲያያዝ። መስቀል አደባባይ ደመራ ላይ የተነሳ ሕዝብና አንዲት ሴት ለብቻዋ ተለይታ ፊቷ ጎልቶ የተነሳችበት ፎቶ አንድ አይደሉም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም ወጥቷል፣ ቁጥር 1321/2016።

18ኛው ተቆጣ። በዚህ አያያዝ ማንም ምንም አያነሳም፣ ፎቶ የምታነሳው ለምስክርነት ነው፣ ድህነትን መደበቅ አይገባም ብሎ 20ኛውን ጻፈ። ቃላቱ ከዚህ የከፉ ነበሩ። አድሚኑ አንዱን ዓረፍተ ነገር አጠፋው።

21ኛዋ ስትጽፍ ሁሉም ዝም አለ። እናቷ ልደታ አካባቢ ጉልት ሸጠው ነው ያሳደጓት። አንድ ቀን የማያውቁት ሰው ያነሳቸው ፎቶ ፌስቡክ ላይ ወጣ። ስሩ ስለ ችግር የሚያዝን ነገር ተጽፎበታል። ውጭ አገር ያሉ ዘመዶች አይተው ደወሉ። እናቷ ለእነሱ ነግረው የማያውቁትን ኑሮ ፎቶው ነገረባቸው። ከዚያ በኋላ ለወራት ካሜራ የያዘ ሰው ሲያዩ ይነሱ ነበር። ድህነት ይደበቅ እያልኩ አይደለም አለች። የሚሸጡትን፣ ልጆች ያሳደጉበትን ሥራ አንሱ፤ ግን ጠይቁ። አብዛኞቹ እሺ ይላሉ፣ ነጠላቸውንም አስተካክለው ይቆማሉ።

ጠያቂዋ በ22ኛው ፎቶውን ከግሩፑ ላይ አጥፍታዋለች። ለእኚህ እናት ሄዳ እንደምትነግራቸው፣ ከፈቀዱም አሳጥባ አንዱን እንደምትሰጣቸው ጻፈች። ከመቶ ምክር ይህን እመርጣለሁ። ያነሳነውን ሰው ፎቶውን መስጠት በስልክ ዘመን ተረስቷል።

ክሩ እዚህ ቢያልቅም ይበቃ ነበር። ግን ሦስተኛው ፎቶ ቀርቶ ነበር፣ ያ ባለ ሰገነቱ መንገድ። 23ኛው መላሽ ይህ ፎቶ ዱሮ የተነሳ መሆን አለበት፣ ከሌላ ሰው የተወሰደ ነው ሲል ጠረጠረ። ያ መስመር ፈርሷል፣ ልጅቷ ደግሞ ማንሳት የጀመርኩት በቅርብ ነው ብላለች። 24ኛው ሊያስታርቅ ፈልጎ መንገዱ ሌላ ነው አለ። ሁለቱ የሱቆቹን ቅደም ተከተል እየቆጠሩ ተከራከሩ። አንዱ የዓድዋ ድል መታሰቢያ በየካቲት 2016 ከተመረቀ በኋላ ነው ይላል፣ ሌላው በፊት ነው ይላል። ማስረጃ የሚሆን ነገር ፎቶው ላይ አልነበረም። ስክሪንሾት ነዋ። ስክሪንሾት የሚይዘው የራሱን ቀን ነው፤ ፎቶው የተነሳበትን ቀን አያመጣም። ከአንደኛው በር በላይ ታፔላ አለ፣ ግን ፊደሉ ፈስሶ ቀይ እድፍ ሆኗል።

ልጅቷ ዋናውን ፋይል አላጠፋችውም ነበር። ሎኬሽኑን አጥፍታ እንደ ፋይል ለጠፈችው፤ 25ኛ መልስ ነው። የፋይሉ ስም በመጋቢት 2016 ውስጥ፣ ጠዋት ላይ መነሳቱን ይናገራል። ፋይሉ ውስጥ የተመዘገበው የስልክ ዓይነትም ራሷ የምትይዘው ነው። በዚያ ሰሞን ፒያሳ እየፈረሰ ነበር፤ ወደ ሥራ ስታልፍ አንስታው ኖሯል፣ ፎቶ ማንሳት እማራለሁ ብላ ሳታስብ። ክርክሩ ቆመ። 23ኛው ይቅርታ ጠየቃት፣ በአንድ መስመር ቢሆንም።

ፋይሉ ሲጎላ ታፔላውም ተነበበ። በቀይ ቀለም፣ በእጅ የተጻፈ፣ የወንዶች ልብስ ስፌት ይላል። ከስሩ የኮት፣ የሱሪ የሚሉ ትንንሽ ቃላት አሉ፣ የመጨረሻው ፊደል ተገሽልጧል። 26 ላይ አንድ አባል አባቱ እዚያ በር ውስጥ ሰፊ እንደነበሩ ጻፈ። ቤቱ ሲፈርስ ማንም ፎቶ አላነሳም። ፋይሉን መውሰድ ይችል እንደሆነ ልጅቷን ጠየቃት፤ ፈቀደችለት። ዋናው ፋይል ይቀመጥ የምለው ለዚህ ነው። ያነሳነው ነገር ለማን እንደሚያስፈልግ ስናነሳ አናውቅም። በስክሪንሾቱ ላይ ያ ታፔላ እድፍ ነበር።

ከዚያ የባለቤትነት ጥያቄ መጣ። 27ኛው ማንም እንዳይወስድብሽ መሃሉ ላይ ስምሽን በትልቁ ጻፊ አላት። ሌሎች ፎቶውን ያበላሻል ብለው ተቃወሙ፤ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ፣ ጥግ ላይ በትንሹ ይበቃል። ያ የሕጉ ሰው ግን ስም መጻፉ ከንቱ አይደለም ብሎ አከለ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶግራፍን የሚጠብቀው ስብስብ ውስጥ ሲሆን፣ መጽሐፍ ላይ ሲታተም፣ ወይም የአንሺው ወይም የወኪሉ ስምና አድራሻ ሲኖርበት ነው። የሚጠበቀውም ከተነሳበት ጀምሮ 25 ዓመት ነው። ብዙዎቻችን ይህን አናውቅም ነበር፣ ክሩ ላይ የተደነቁት መዓት ናቸው።

28ኛው አይፎን የያዘ ጀማሪ ነው፤ ፎቶዬ እኔ ጋ ይከፈታል፣ ጓደኛዬ ኮምፒውተር ላይ አይከፈትም አለ። አይፎን በፈረንጅ አቆጣጠር ከ2017 ወዲህ ፎቶን ሄይክ በሚባል ፋይል ያስቀምጣል። ቦታ ይቆጥባል፣ ግን ሁሉም ቦታ አይከፈትም። ሴቲንግ፣ ካሜራ፣ ፎርማትስ፣ ከዚያ ሞስት ኮምፓቲብል ቢል ከዚያ ወዲያ የሚያነሳው በጄፔግ ይሆናል። አመሰገነና ሄደ። 29ኛው ፎቶዬ ተጋድሞ ይለጠፋል ያለው ነው፤ ጋለሪ ላይ አዙሮ ቅጂውን እንዲያስቀምጥ ተነገረው።

መጨረሻ ላይ አንዷ ቅዳሜ ጠዋት አብረን እንውጣ አለች። ከአራዳ ጊዮርጊስ ተነስቶ በቸርችል ጎዳና ወደ ታች፣ ትግላችን ሐውልት አልፎ እስከ ለገሃር። ሰዓቱ ላይ ትንሽ ተጨቃጨቁ። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናት ላይ ቆማ የሰው ዓይን ጥላ ውስጥ ስለሚገባ 1 ሰዓት ላይ ተስማሙ። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ማንሳት የሚፈልግ አስቀድሞ ይጠይቅ ተባለ። ጋሼ እንደሚመጡ ጻፉ፤ 11ኛውም እመጣለሁ አለ። ጠያቂዋ ሐውልቱ በየትኛው በኩል እንደሚገናኙ ጠይቃለች። ይህን ስጽፍ በቤተ ክርስቲያኑ በር በኩል ይሁን ያሉት ይበዛሉ።